ከኤፕዎርዝ ማድ ቤት እስከ ማንችስተር ጉባኤ፦ ሴት ትናገር ወይስ ዝም ትበል?

የሱዛና ዌስሊን ስም ብዙዎቻችን የሰማነው በእናቶች ቀን ስብከት ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ልጅ የወለደች፣ ቤቱ በልጆች ጫጫታ ሲሞላ ሽርጧን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ የምትጸልይ፣ ጆንንና ቻርልስን ለጌታ ያሳደገች እናት ተብላ ትቀርብልናለች። እኔም የሽርጡን ታሪክ በመድረክ ላይ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን ይህች እናት ከባሏ ጋር ሁለት ጊዜ በብርቱ ተጋጭታለች። የመጀመሪያው ግጭት ትዳሯን ሊያፈርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቿ በመሠረቱት እንቅስቃሴ ውስጥ ሴት በጉባኤ ፊት ትናገር ወይስ አትናገር የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ያስነሣ ነው። ይህ በእናቶች ቀን አይነገርም።

ወገኖቼ፣ ጥያቄው የእኛም ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34 እና 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12 ተከፍተው ክርክር ያልተነሣበት የወንጌላውያን ጉባኤ በአገር ቤትም በውጭም ያለ አይመስለኝም። አንዱ ቤተ እምነት ሴቶችን በአገልግሎት ይሾማል፤ ሌላው መድረክ ይሰጥና ሹመት ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ ከመዘምራንና ከሕፃናት ክፍል አያሳልፋቸውም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን ለመፍታት አልነሣሁም። አንድ ቤተሰብ፣ ከዚያም ቤተሰብ የወጣ አንድ እንቅስቃሴ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ጋር እንዴት እንደ ታገሉ ላሳያችሁ ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተባለው አሜን

ሱዛና በ1669 ለንደን ውስጥ ተወለደች። አባቷ ዶክተር ሳሙኤል አንስሊ በ1662 ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር አልስማማም በማለቱ ከደብሩ የተባረረ የታወቀ ሰባኪ ነበር። ልጅቱ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሳለች የሁለቱን ወገኖች ክርክር ራሷ መርምራ አባቷ ዋጋ ከከፈለበት ወገን ወጣችና ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገባች። አባቷ ግን ፍቅሩን አልነሳትም። ይህን ልብ በሉልኝ። በ1688 ለሳሙኤል ዌስሊ የተዳረችው ሴት በሕሊናዋ ምክንያት ከአባቷ ተለይታ በአባቷ ያልተጠላች ልጅ ነበረች።

ሳሙኤል ቄስ ነበር፤ ምሁርም ባለ ቅኔም ነበር። በሊንከንሻየር ረግረጋማ ምድር ኤፕዎርዝ በምትባል የገጠር ከተማ ደብር ተሰጠው። በዕዳ ተዘፍቆ የሚኖር ሰው ነበር፤ በ1705 በዕዳ ምክንያት ሊንከን ውስጥ እስከ መታሰር ደርሷል። ሰዉም አይወደውም። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ፣ በ1702 መጀመሪያ አካባቢ፣ በቤተሰብ ጸሎት ላይ አንድ ነገር ሆነ።

ያን ጊዜ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ የነበረው ዊልያም ሦስተኛ ነው። ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ከመንበሩ ተነሥቶ እርሱ ነግሦ ነበር። ሳሙኤል የዊልያም ደጋፊ ነው። ሱዛና ግን እግዚአብሔር የቀባውን ንጉሥ ሕዝብ ሊሽረው አይችልም ብላ ታምን ነበር። ባሏ ስለ ንጉሥ ዊልያም ሲጸልይ የቤቱ ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ እርሷ አላለችም። ሳሙኤል ይህን አስተዋለና ወደ ክፍሉ ጠርቶ ጠየቃት። ዊልያምን ንጉሥ አድርጋ እንደማትቆጥረው ሳትሸሽግ ነገረችው። ጆን ዌስሊ ከዓመታት በኋላ ሲያወራው፣ አባቱ ሁለት ንጉሥ ካለን ሁለት አልጋ ይኑረን የሚል መልስ ሰጠ። ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ወደ አልጋዋ እንዳይመለስም ማለ። ከዚያም ወደ ለንደን ሄደ።

ሱዛና ምን አደረገች? አላለቀሰችም አልልም። ያደረገችውን ግን እናውቃለን። ለአንዲት ወዳጇ ለሌዲ ያርቦሮና ለዊልያም አዲስ መሐላ አልምልም ብሎ ሹመቱን ላጣው ለጆርጅ ሂክስ ምክር ፈልጋ ጻፈች። እነዚህ ደብዳቤዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተሸሽገው ቆይተው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ታትመዋል። በደብዳቤዎቹ ላይ የምትለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ባሌ የራሱን አሳብ ይያዝ፣ እኔም የእኔን ጥቂት የሕሊና ነጻነት ይተውልኝ። ስሕተቴን የሚያሳየኝ ሰው ካለ ከእግዚአብሔርም ከባሌም ይቅርታ እለምናለሁ፤ ኃጢአት ነው ብዬ ለማላምነው ነገር ግን ተጸጽቻለሁ ብል በእግዚአብሔር ፊት መዋሸቴ ነው። ሂክስም በሕሊናዋ እንድትጸና መከራት።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ዊልያም ሞተ። ሆኖም ነገሩ ወዲያው አልበረደም። በበጋው በቄሱ ቤት ላይ እሳት ተነሥቶ ብዙውን ክፍል አቃጠለ፤ ሳሙኤልም ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ። በሰኔ 1703 ጆን ተወለደ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የዕርቅ ልጅ ነው ማለት ነው።

ሱዛናን ለባሏ አልገዛም ያለች ሴት አድርጎ ማቅረብ ይቻላል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ጸሐፊዎችም አሉ። እኔ እንዲህ አላነበውም። ቤቱን የሚያስተዳድረው ባሏ መሆኑን አልካደችም። ጸሎቱን አላቋረጠችም፤ ልጆቹ ፊት አልተከራከረችም፤ ዝም ነው ያለችው። የተከራከረችው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ አሜን የሚባለው ለባል ሳይሆን ለእግዚአብሔር ነው የሚል። ኤፌሶን 5ን በትዳር ምክር ላይ ስናስተምር ይህን ልዩነት በግልጽ የምንነግራቸው ሙሽሮች ስንት ናቸው?

ሁለት መቶ ሰው በማድ ቤት

ሁለተኛው ግጭት የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ በ1709 ቤቱ ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ ተቃጥሏል። አምስት ዓመቱ የነበረው ጆን ከላይኛው ፎቅ በመስኮት የወጣው ያን ጊዜ ነው።

በ1711 ክረምት ሳሙኤል ለካህናት ጉባኤ ለንደን ሄዶ ከረመ። ደብሩን ለረዳት ቄሱ ለኢንማን ትቶለት ነበር። ኢንማን እሑድ ጠዋት ብቻ ያገለግላል፤ ከሰዓት በኋላ ጸሎት የለም። ስብከቱም ደካማ ነበር። ስለዚህ ሰው የሚቀለድ ነገር ይተረካል፤ ዕዳ ስለ መክፈል ብቻ ነው የሚሰብክ ብለው ምእመናን ሲያማርሩ፣ ሳሙኤል ተመልሶ ስለ እምነት እንዲሰብክ አዘዘው አሉ። ኢንማንም እምነት ታላቅ ነገር ነው፣ ሰው ዕዳውን እንዲከፍል ያደርገዋልና ብሎ ጀመረ ይባላል።

ሱዛና እሑድ ማታ ልጆቿንና የቤቱን ሠራተኞች ሰብስባ ጸሎትና ስብከት ታነብላቸው ጀመር። የራሷን ስብከት አይደለም፤ ከባሏ መጻሕፍት መካከል የታተመ ስብከት እየመረጠች ነው። በዚያው ሰሞን ልጇ ኤሚሊያ በአባቷ የንባብ ክፍል ውስጥ ወደ ሕንድ ስለ ሄዱ የዴንማርክ ሚስዮናውያን የሚተርክ መጽሐፍ አግኝታ አነበበችላት። የሱዛና ልብ ተቃጠለ። እኔ ወንድ አይደለሁም፣ ቄስም አይደለሁም፣ ነገር ግን ከማደርገው የበለጠ ማድረግ እችላለሁ አለች። ከዚያ በኋላ በየማታው ከልጆቿ አንዱን ለብቻው እየያዘች ስለ ነፍሱ ታነጋግር ጀመር፤ የጆን ተራ ሐሙስ ነበር። እሑድ ማታ ለሚመጡትም ከወትሮው ይልቅ በትጋት ታነብላቸው ጀመር።

አንድ ሠራተኛ ልጅ ለወላጆቹ ነገራቸው፤ እነርሱም እንምጣ አሉ። ከዚያ ሠላሳ ሆኑ፣ አርባ ሆኑ። በየካቲት 1712 መጀመሪያ ለባሏ ስትጽፍ፣ ባለፈው እሑድ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደ ነበረና ብዙዎችም ቦታ አጥተው እንደ ተመለሱ ነገረችው።

ኢንማን ለሳሙኤል ከሰሰ። ሳሙኤልም ከለንደን ሦስት ነገር ጠቅሶ ጻፈላት፦ ነገሩ ያልተለመደ ነው፣ አንቺ ሴት ነሽ፣ የኔንም ሹመት ያስነቅፋል። የራሱ የሆነ አማራጭም አቀረበ፤ ሌላ ሰው ያንብብላቸው አለ።

መልሷ በታሪክ ተጠብቆ ቆይቶልናል። ያልተለመደ ነው ለሚለው፣ ዛሬ ስለ እግዚአብሔር ነገር በቁም ነገር የሚደረግ ሁሉ ያልተለመደ ነው አለችው። ሌላ ሰው ያንብብ ለሚለው፣ አንዱን ስብከት ፊደል ሳይቆጥር አንብቦ የሚጨርስ ወንድ በመካከላቸው አለመኖሩን አስታወሰችው። (ይህን ሳነብ ሳልስቅ አላልፍም።) ሴት ነሽ ለሚለው የሰጠችው መልስ ግን ዋናው ነው። ሴት መሆኗን አመነች። የቤቱ ራስና የነፍሶቹ ዋና እረኛ እርሱ መሆኑንም አመነች። ነገር ግን እርሷም የትልቅ ቤት እመቤት ናት፤ እርሱ በሌለ ጊዜ በእጇ የተዋትን ነፍስ ሁሉ የምታየው የቤተሰብ ሁሉ ጌታ እንደ ሰጣት መክሊት ነው። መክሊቱን ብትቀብር ለማን ነው መልስ የምትሰጠው?

አስተውሉ፣ ጸጋ አለኝ አላለችም። ተጠርቻለሁ፣ ራእይ አይቻለሁም አላለችም። ማቴዎስ 25ን ይዛ ቆመች፤ አደራ አለብኝ ነው ያለችው።

ሳሙኤል ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ኢንማንና ሌሎች ሰዎች ደግመው ስለ ጻፉለት ስብሰባው እንዲቆም መፈለጉን ገለጸላት። የሁለተኛው ደብዳቤዋ ቀን የካቲት 25 ቀን 1712 ነው። በመጀመሪያ ፍሬውን ቆጠረችለት። ቀድሞ የከሰዓት ጸሎት ላይ ከሃያና ከሃያ አምስት ሰው አይበልጥም ነበር፤ አሁን ከሁለት እስከ ሦስት መቶ ይመጣል። ሰባት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠ ሰው ተመልሷል። ከጎረቤት ጋር የነበረው ጠብ ቀዝቅዟል። ከዚያ በኋላ መደምደሚያዋ መጣ፦ ይህን ሁሉ ሰምተህ አሁንም ስብሰባው ይበተን ካልህ፣ እፈልጋለሁ ብለህ አትጻፍልኝ፤ ያ ለሕሊናዬ አይበቃም። በማያሻማ ቃል እዘዘኝ። አንተና እኔ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ የፍርድ ወንበር ፊት ስንቆም፣ ለነፍሶች በጎ የማደርግበትን ዕድል ስለ ተውሁ ከሚመጣብኝ በደልና ቅጣት ነጻ የሚያደርገኝ ትእዛዝ ይሁን።

ትእዛዙ አልመጣም። ሳሙኤል እስኪመለስ ድረስ ስብሰባው ቀጠለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምካፈልበት አንድ የቤት ኅብረት ነበር። የሚመሩን እንደ እናት የምናያቸው እህት ነበሩ። ወድደው አልነበረም፤ ከወንዶቹ ፈቃደኛ ስለ ጠፋ ነው። አንድ ቀን ከሽማግሌዎች፣ ለጊዜው ቢያቆሙት ደስ ይለናል፣ ወንድም እንፈልጋለን የሚል ቃል ደረሳቸው። እሳቸውም ያለ ማጉረምረም አቆሙ። ወንድም አልተገኘም። በስድስት ወር ውስጥ ተበተንን፤ ሁለት ወጣቶች ከዚያ ወዲህ ወደ የትኛውም ኅብረት አልተመለሱም። ሽማግሌዎቹን ብትጠይቋቸው አልከለከልንም ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ያሉት ደስ ይለናል ብቻ ነው። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ።

የሱዛናን ሁለተኛ ደብዳቤ ካነበብሁ ወዲህ ያ ነገር ከልቤ አይወጣም። እርሷ ባሏን የጠየቀችው ፈቃድ አልነበረም። ክልከላውን በስምህ ፈርምበት ነው ያለችው። የሚከለክል ሰው ካለ፣ ስለ ክልከላው በጌታ ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥ ይሁን። ጳውሎስ ለሴት ከገደበው በላይ ያለፈች ሴት ተጠያቂ ከሆነች፣ ጳውሎስ ካሰበው በላይ የከለከለ ወንድስ?

ይህን ስል ሱዛናን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳልጎትታት እጠነቀቃለሁ። ሙግቷ የቆመው አንተ በሌለህ ጊዜ በሚል ቃል ላይ ነው። ባሏ ሲመለስ የማድ ቤቱ ስብሰባ አበቃ፤ እርሷም ይቀጥል ብላ አልተሟገተችም። የወንድን ራስነት የሚያስተምሩ ወገኖች እርሷን ቢጠቅሱ መብት አላቸው። ቤቱም ገነት አልነበረም። ሜሄታቤል የተባለችው ልጃቸው ያለ ፈቃዳቸው ከሰው ጋር ኮብልላ በተመለሰች ጊዜ በ1725 ለማትወደው ሰው ዳሯት። አባቷ ይቅር አላላትም፤ እናቷም በጊዜው ልቧ አልራራላትም። በቤቱ ውስጥ ለልጅቱ የተከራከረላት ጆን ነበር።

የልጅየው ሁለት ፊት

በየካቲት 1712 ጆን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ማድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እናቱን ሰምቷል። በሐምሌ 1742 ሱዛና ለንደን ውስጥ ስታርፍ፣ ጆን እነዚያን ደብዳቤዎች በታተመው ማስታወሻው ውስጥ አስገባቸው። አባቷና አያቷ፣ ባሏና ሦስት ወንዶች ልጆቿ ሰባኪዎች እንደ ነበሩ ሁሉ እርሷም በልኳ የጽድቅ ሰባኪ እንደ ነበረች መሰከረላት።

ከዚያ ቀደም ብሎም እናቱ አንድ ውለታ ውላለታለች። ቶማስ ማክስፊልድ የተባለ ያልተሾመ ሰው ለንደን ውስጥ መስበክ መጀመሩን ሰምቶ ጆን ሊያስቆመው ተቆጥቶ መጣ። እናቱ ግን ይህ ሰው እንዳንተው በእግዚአብሔር የተጠራ ነውና ተጠንቀቅ፣ መጀመሪያ ስማው፣ ፍሬውንም እይ አለችው ይባላል። ሰማውና ተወው። የሜቶዲስት ምእመናን ሰባኪዎች ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። ያልተሾመ ወንድ መስበክ ከቻለ ግን ቀጣዩ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ጥያቄው በየካቲት 1761 ደርቢ ከተማ ላይ ደረሰ። ሳራ ክሮስቢ የምትባል የትንሽ ክፍል መሪ ሠላሳ ያህል ሰው ጠብቃ ስትገባ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ አገኘች። ያን ሁሉ ሰው በየግሉ ማነጋገር አልተቻላትም። መዝሙር አስዘመረች፣ ጸለየች፣ ጌታ ያደረገላትን ነገረቻቸው፣ ከኃጢአት እንዲሸሹ ለመነቻቸው። ከዚያ ልቧ ፈራና ለዌስሊ ጻፈች። እርሱም አላበዛሽም፣ ከዚህ ያነሰ ልታደርጊ አትችዪም ነበር አላት። በሚቀጥለው ጊዜ ሜቶዲስቶች ሴት ሰባኪ እንደማይፈቅዱ፣ አንቺም ሰባኪ ነኝ እንደማትዪ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከዚያ በልብሽ ያለውን ብቻ ንገሪያቸው ብሎ መከራት። በ1769 ደግሞ መመሪያውን ጠበብ አድርጎ ላከላት፦ ጥቅስ ይዘሽ አትነሺ፣ ሳታቋርጪም ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ አትናገሪ። ስብከት እንዳይባል ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ መሽኮርመም ነው። ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ንስሐ መናገርን ሌላ ስም ስለ ሰጡት ሌላ ነገር አይሆንም። በብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን እህት ከመድረክ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ካስተማረች በኋላ ምስክርነት ወይም ማካፈል ተብሎ ሲመዘገብ የማየው ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሌላው ፊቱ እነሆ። ዌስሊ በ1751 ያገባት መበለት ሜሪ ቫዜል በደብዳቤ ለሚያማክራቸው ሴቶች ብዛት ትቀና ነበር፤ በ1758 በዚሁ ምክንያት ትታው ሄዳ ነበር። ትዳሩ ሳይጠገን ቀረ። ለእርሷ በጻፈው አንድ ደብዳቤ ማንም የማያውቃት፣ እግዚአብሔርና እርሱ ብቻ የሚያውቋትና የሚወዷት ተራ ሰው ሆና እንድትኖር አዘዛት። በጉባኤ ለሴቶች አፍ የከፈተው ሰው በቤቱ ሚስቱን ዝም በዪ ይል ነበር። አባቱ ይቅርታ ጠይቂ ብሎ ከአልጋው ሲወጣ ያደረገውን እርሱም በብዕሩ አደረገው። ስለ መድረክ ያለን አቋም ስለ ሳሎናችን ምንም ላይናገር እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ከሴቶቹ ሁሉ ጥያቄውን እስከ ሥሩ ያወረደችው ሜሪ ቦሳንኬት ነበረች። በ1739 ከባለጠጋ ቤት ተወለደች። አባቷ ወንድሞቿን ወደዚህ እምነት እንዳትስብ ቃል እንድትገባለት ጠየቃት፤ እምቢ ብላ በሃያ አንድ ዓመቷ አካባቢ ከቤት ወጣች። በ1763 ከሳራ ራያን ጋር በሌይተንስቶን ወላጅ የሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ ከፈተች፤ በ1768 ወደ ዮርክሻየር አዛወረችው። በዚያ ስብሰባ ትመራ ነበርና ተቃውሞ ተነሣባት። በ1771 ለዌስሊ ረጅም ደብዳቤ ጻፈች።

የደብዳቤው አካሄድ ይገርማል። ጥቅሶቹን አልሸሸችም። የጢሞቴዎሱ ቃል ሴት በባሏ ላይ ሥልጣን እንዳትይዝና በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር እንዳትገባ የሚከለክል ነው አለች። የቆሮንቶሱ ዝም ትበል የሚለው ቃል ፈጽሞ አትናገር ማለት ከሆነ፣ በዚያው መልእክት በ11፥5 ሴት ስትጸልይ ወይም ትንቢት ስትናገር ራሷን እንድትሸፍን ለምን ታዘዘች? ብላ ጠየቀች። ዲቦራን፣ ሳምራዊቷን ሴት፣ በ2ኛ ሳሙኤል 20 ከተማዋን ያዳነችውን ብልህ ሴት አነሣች። ሴት ሁሉ በአደባባይ እንድትናገር አልተጠራችም፤ ወንድም ሁሉ ሰባኪ እንዲሆን አልተጠራም፤ ልዩ ጥሪ የተቀበሉ ሴቶች ግን አሉ፣ ካልታዘዙ ወዮላቸው አለች።

ዌስሊ በሰኔ 1771 መለሰላት። የነገሩ መሠረት ያለው በልዩ ጥሪሽ ላይ ነው አላት። ያልተሾሙ ወንዶች ሰባኪዎቼም ሁሉ የቆሙት በዚሁ ልዩ ጥሪ ነው፤ ባይሆን ኖሮ እነርሱንም አልፈቅድም ነበር። የጳውሎስ የዘወትር ሕግ ሴት በጉባኤ አትናገር የሚል ነው፤ በልዩ ሁኔታ ግን በቆሮንቶስ ራሱ ከሕጉ ውጭ የሆነ ነገር ፈቅዷል አላት።

በር ተከፈተ። በ1787 የማንችስተር ጉባኤ ለሳራ ማሌት የሜቶዲስትን ትምህርትና ሥርዓት እስከ ጠበቀች ድረስ ሰባኪ መሆኗን እንደማይቃወም የሚገልጽ ጽሑፍ ሰጣት። እኔ ግን የእናትየው ሙግት ከልጅየው ይልቅ ጠንካራ ይመስለኛል። ልዩ ጥሪን የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል፤ መዛኙም ሥልጣን ያለው ነው፤ ዛሬ ልዩ ነው ያለውን ነገ ልዩ አይደለም ሊል ይችላል። የተሰበሰቡትን ሁለት መቶ ነፍሶች ግን ማንም መቁጠር ይችላል።

1803

ዌስሊ በመጋቢት 1791 ሞተ። በ1803 በማንችስተር የተሰበሰበው ጉባኤ ሴቶች እንዲሰብኩ ይፈቀድ ወይ ብሎ ጠየቀና በአጠቃላይ አይገባም ሲል መለሰ። ሁለት ምክንያት ሰጠ። አንደኛው አብዛኛው ሕዝባችን ይቃወማል የሚል ነው። ሁለተኛው የእነርሱ ስብከት አስፈላጊ አይመስልም፣ እግዚአብሔር ያስነሣቸው በቂ ሰባኪዎች አሉንና የሚል ነው።

ደግማችሁ አንብቡት። የቆሮንቶስ መልእክት የለም፣ የጢሞቴዎስ መልእክት የለም። ከቃሉ ተነሥቶ ሴት አትስበክ የሚል ወንድም አከብረዋለሁ፤ አብሬው መጽሐፍ ከፍቼ ልከራከር እችላለሁ። ሰው አይወድም፣ ወንዶችም በቅተውናል የሚል መልስ ግን ከየትኛው ምዕራፍ ነው? ልዩ ጥሪ አለኝ የምትል ሴት ካለችም ለሴቶች ብቻ ትናገር፤ ያውም የአካባቢው የበላይ ሰባኪና የሩብ ዓመቱ ስብሰባ ከፈቀዱላት፤ ወደ ሌላ አካባቢ ለመሄድም የጽሑፍ ግብዣ ያስፈልጋታል ተባለ። በ1771 በሩን የከፈተው ልዩ የሚለው ቃል በ1803 መቆለፊያ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሜቶዲስቶች የተለዩ ወገኖች ሴቶችን ወንጌል ሰባኪ አድርገው ልከዋል። የብሪታንያ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ግን ሴቶችን በቅስና የሾመችው በ1974 ነው።

ሜሪ ቦሳንኬት በ1781 የማድሊን ቄስ ጆን ፍሌቸርን አግብታ ነበር። እርሱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተሾመ ካህን ነው፤ እርሷ ያልተሾመች። ባሏ አገልግሎቷን አልተጋፋም፤ ጎን ለጎን አገለገሉ። ትዳራቸው አራት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በነሐሴ 1785 ሞተባት። ተተኪው ቄስ ከቄሱ ቤት አላስወጣትም። ረዳት ቄስ ሲመረጥም አሳቧ ይጠየቅ ነበር። በግቢው ውስጥ የነበረው ጎተራ መሰብሰቢያ ሆኖላት፣ የማንችስተሩ ውሳኔ ሲወጣ ስድሳ ሦስት ዓመት የሆናት ያቺ መበለት በታኅሣሥ 1815 እስክታርፍ ድረስ በዚያ ጎተራ ውስጥ ለወንዶችም ለሴቶችም ቃሉን ስትናገር ኖረች።